በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት አካቶ ማስተማርንና አጋዥ ቴክኖሎጂን በሚመለከት ከመምህራን ማኅበራችን የተሰጠ የአቋም መግለጫ

ማኅበራችን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች የሚያስተምሩ መምህራን የተሰባሰቡበት የሙያ ማኅበር ነው። በመተዳደሪያ ደንባችን የተጣሉብን ኃላፊነቶች ሁለት ናቸው፤ የአባላትን መብትና ጥቅም ማስከበር፣ የማስተማር ሙያን ደረጃ መጠበቅ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ በየፊናቸው የሚሄዱ ይመስላሉ። በአካቶ ማስተማር ጉዳይ ግን ሊነጣጠሉ አልቻሉም። መምህሩ የሚሠራበት ሁኔታ ሲጓደል ተማሪው ይጎዳል፤ ከተማሪዎችም ቀድሞ የሚጎዳው ማየት ወይም መስማት የተሳነው፣ በዊልቸር የሚንቀሳቀሰው፣ ወይም ከቤተ መጻሕፍትና ከኮምፒዩተር ርቆ ተምሮ የመጣው ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ጉዳዩን መርምሮ የደረሰበትን አቋም በዚህ መግለጫ ለሚመለከታቸው ሁሉ ያሳውቃል።

ሕጉ ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረትም ስምምነቱ የአገሪቱ ሕግ አካል ሆኗል። የስምምነቱ አንቀጽ 24 በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አላበቃም። ከፍተኛ ትምህርትን ለይቶ በመጥቀስ አካል ጉዳተኞች ከሌሎች ጋር እኩል እንዲማሩ ተመጣጣኝ ማመቻቸት ሊደረግላቸው እንደሚገባ ይደነግጋል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆኑ ካዘዘ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ትምህርት ሚኒስቴርም በ2004 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት/አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቷል፤ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2025 የሚሠራበት ማስተር ፕላን ተዘጋጅቷል። የማስተር ፕላኑ ዘመን አብቅቷል።

ስለዚህ ሕግ ጎደለን አንልም። ሕጉን ማን፣ በምን ገንዘብ፣ በስንት ሰዓት እንደሚፈጽም የሚወስን አካል ነው የታጣው። ክፍተቱ ባለበት ሲቆይ ኃላፊነቱ ከሚኒስቴር ወደ ተቋም፣ ከተቋም ወደ ኮሌጅ፣ ከኮሌጅ ወደ ትምህርት ክፍል እየወረደ በመጨረሻ ሰሌዳ ፊት በቆመው መምህር ላይ ያርፋል። መምህሩ ደግሞ የሚያወርድበት የለውም።

ጥያቄ ባቀረብን ቁጥር የሚሰጠን መልስ «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚል ነው። አባባሉ ከሕግ የተወሰደ ነው። የቀድሞው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 ተቋማት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የመማሪያ ክፍል እንዲቀይሩ፣ አማራጭ የፈተና ሥርዓት እንዲያበጁና አጋዥ የትምህርት መሣሪያ እንዲያቀርቡ ሲያዝ፣ ሁኔታውና ሀብቱ በፈቀደ መጠን የሚል ገደብ አብሮ አስቀምጦ ነበር። አዋጁ በቁጥር 1152/2011 ከተተካ በኋላም በየቢሮው የሚሰማው መልስ ያው ነው። ጉባኤው በዚህ ነጥብ ላይ ረጅም ጊዜ ተወያይቷል። አገራችን ሀብታም አለመሆኗን በየወሩ በደመወዛችን እናውቀዋለን። ይሁንና ገደቡ ምን ያህል እንደሚደረግ ይለካል፤ ምንም ላለማድረግ ፈቃድ አይሆንም። በዊልቸር የምትንቀሳቀስ ተማሪ የምትማርበትን ክፍል ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ለማውረድ የሚያስፈልገው በክፍል ድልድል ሠንጠረዥ ላይ አንድ መስመር መቀየር ብቻ ነው። ይህ ያልተደረገባቸው ተቋማት የአቅም ማነስን እንደ ምክንያት ሊያቀርቡ አይችሉም።

በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው የአንደኛ ዓመት ሥርዓተ ትምህርት ከጋራ ኮርሶች አንዱ «ኢንክሉሲቭነስ» (አካታችነት) ነው። ኮርሱ አስፈላጊ ነው፤ ከአባሎቻችንም ብዙዎች ያስተምሩታል። ሞጁሉ ራሱ ለዓይነ ስውር ተማሪ በሚነበብ ቅርጽ ቀርቦ እንደሆነ ግን በየተቋሙ ይጠየቅ። ስለ ተመጣጣኝ ማመቻቸት የሚያትተውን ምዕራፍ ጓደኛው ካላነበበለት ሊያውቀው የማይችል ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ይህን ኮርስ ማስተማር ምን እንደሚመስል አባሎቻችን ያውቁታል።

በክፍል ውስጥ የሚገጥመን ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከጽሑፍ ይጀምራል። ትምህርት ክፍሎች ለዓመታት ሲቀባበሏቸው የኖሩ ሃንድአውቶች አሉ። ፎቶ ኮፒ ይደረጋሉ፣ ፎቶ ኮፒው በስልክ ይነሳል፣ ከዚያም ፒዲኤፍ ተብሎ በክፍል ተጠሪው በኩል በቴሌግራም ይላካል። ለሚያይ ሰው ደብዝዞም ቢሆን ይነበባል። ጽሑፍን በድምፅ ለሚያነበው ሶፍትዌር፣ ለስክሪን ሪደር፣ ግን ገጹ ባዶ ነው፤ ያለበት ምስል ነውና ሶፍትዌሩ የሚያነበው ፊደል አያገኝም። በአማርኛና በሌሎች በግዕዝ ፊደል በሚጻፉ ቋንቋዎች የተዘጋጁ የቆዩ ጽሑፎች ተጨማሪ ጣጣ አለባቸው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮዎችም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፊደሎች የተተየበ ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ ይምሰል እንጂ ኮምፒዩተሩ የያዘው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ስክሪን ሪደሩ ሲያነበው ትርጉም የሌለው ድምፅ ይሰማል። መምህሩ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ የነገረው የለም። ተማሪውም ተናግሮ ስለሰለቸ ዝም ይላል፤ ፋይሉ ከዓመት ዓመት ይተላለፋል።

በፈተና ወቅት የተለመደው አሠራር ለዓይነ ስውር ተፈታኝ አንባቢ መመደብ ነው። አንባቢው ብዙ ጊዜ በዚያ ሰዓት ሥራ ያልያዘ የአስተዳደር ሠራተኛ ወይም የሌላ ክፍል ተማሪ ነው። የስታቲስቲክስ ቀመር ወይም የኢኮኖሚክስ ግራፍ አይቶ የማያውቅ ሰው ጥያቄውን ሲያነብ፣ ተፈታኙ የሚመልሰው አንባቢው ለተረዳው ጥያቄ ነው። ወረቀቱን የሚያርመው አባላችን ስህተቱ የማን እንደሆነ ሊለይ የሚችልበት መንገድ የለም፤ ሆኖም ውጤቱን ፈርሞ ያስገባል። ይህ ለተማሪው በደል ነው። ለእኛም የሙያ ጉዳይ ነው፤ ትክክለኛነቱን ልናረጋግጠው የማንችለውን ውጤት በፊርማችን እንድናጸድቅ እየተደረግን ነውና። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ በኮምፒዩተር የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና 50 በመቶ አምጥቶ ማለፍ ይጠበቅበታል። በየሴሚስተሩ ሲንከባለል የመጣው ጉድለት በዚያ አንድ ቀን በተማሪው ስም ይመዘገባል።

መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ሁኔታ ከዚህም ይከፋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሠልጥኖ የወጣ ባለሙያ አለ ማለት ነው። አባሎቻችን በሚያስተምሩባቸው በርካታ ተቋማት ግን ለአስተርጓሚ የተፈቀደ የሥራ መደብ የለም፤ ወይም አንድ አስተርጓሚ በአንድ ሰዓት በተለያዩ ሕንፃዎች እንዲገኝ ይጠበቃል። ተማሪዋ የክፍል ጓደኛዋን ማስታወሻ ገልብጣ ትመረቃለች፤ ካልሆነላትም ታቋርጣለች።

አካቶ የአካል ጉዳት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነም እናስታውሳለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ነጥቡን ላላመጡት ተከትሎ በተጀመረው የሪሜዲያል (ማካካሻ) ፕሮግራም የገቡትን ተማሪዎች የምናስተምረው እኛ ነን፤ የምናስተምራቸውም ብዙዎቹ በዕለት ኑሯቸው በማይናገሩት በእንግሊዝኛ ነው። ለእነዚህ ተማሪዎች ትምህርቱ በአንድ መንገድ ብቻ መቅረቡ ራሱ የተዘጋ በር ነው። አንድን ይዘት በጽሑፍም፣ በድምፅም፣ በምሳሌና በተግባርም ማቅረብ፣ ተማሪው ዕውቀቱን ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ እንዲያሳይ መፍቀድ በሙያችን የታወቀ ስልት ነው። ሁለንተናዊ የመማር ንድፍ የሚባለውም ይኸው ነው። ስልቱን መምህሩ ያውቀዋል። አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ይዞ፣ በአንድ ማይክሮፎን፣ ያለ ረዳት፣ ተከታታይ ምዘናውን በዚህ መልክ እንዴት እንደሚያካሂድ የነገረው ግን የለም።

ቴክኖሎጂን በሚመለከት «መሣሪያው የለም» የሚለው ምክንያት አያስኬድም። ኤንቪዲኤ የተባለው የዊንዶውስ ስክሪን ሪደር በነፃ የሚገኝ ነው፤ ሥራው ከተጀመረበት ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ እየዳበረ መጥቷል። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው የድምፅ ሶፍትዌር አማርኛንም ያነባል፤ ድምፁ ሻካራ መሆኑ አይካድም። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ቶክባክ የተባለው ስክሪን ሪደር ተጭኖ ይገኛል። ቴሰራክት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ስካን የተደረገ የአማርኛ ገጽ ወደ ፊደል ይለውጣል፤ ስህተቱን ቁጭ ብሎ የሚያርም ሰው ግን ይፈልጋል። ጉግልም ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2017 ለአማርኛ ከፍቷል።

የመሣሪያዎቹን ልክም መናገር ይገባናል። በክፍሎቻችን የሚነገረው ንጹሕ እንግሊዝኛም ንጹሕ አማርኛም አይደለም። በእንግሊዝኛ የተጀመረ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ያልቃል። ተማሪው እንዲገባው ብለን የምናደርገው ስለሆነ አናፍርበትም። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ሶፍትዌር ግን እንዲህ ባለው ንግግር መካከል መንገዱን ይስታል። መብራትና ኢንተርኔት ሲቋረጡ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም። ስለዚህ አጋዥ መሣሪያ ተጭኗል ተብሎ አስተርጓሚ ወይም ብሬል የሚቀርበት ዕቅድ ከመጣ ማኅበራችን ከወዲሁ ይቃወማል።

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ እያለ፣ በአንዳንድ ተቋማት የመምህሩ የሥራ አፈጻጸም ምዘና «አካታች የማስተማር ስልት ይጠቀማል» በሚል መስፈርት ነጥብ ይሰጥበታል። መስፈርቱን በመርህ አንቃወምም። መሣሪያውን፣ የሠለጠነውን ረዳትና ጊዜውን ያላቀረበ ተቋም ባላቀረበው ነገር መምህሩን ሲመዝን ግን ገምጋሚው የራሱን ጉድለት በሌላው ስም እየመዘገበ ነው። አባሎቻችን በራሳቸው ገንዘብ ዳታ ገዝተው፣ በራሳቸው ስልክ ድምፅ ቀርጸው፣ ቅዳሜና እሑድ ሃንድአውት እንደገና እየተየቡ ለተማሪዎቻቸው አድርሰዋል። ጉባኤው ለእነዚህ አባላት አክብሮቱን ይገልጻል። የአንድ አገር የከፍተኛ ትምህርት ሥርዓት ግን በመምህራን ደግነት ላይ ሊቆም አይገባውም።

በመሆኑም ጠቅላላ ጉባኤው የሚከተሉትን አቋሞች ይዟል።

1. አካቶ ማስተማር የሙያችን አካል መሆኑን እንቀበላለን፤ በጀት የማይጠይቀውን ድርሻችንንም ከመጪው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ እንፈጽማለን። ማንኛውም አባል አዲስ የሚያዘጋጀውን ጽሑፍ በዩኒኮድ፣ ፊደሉ በሶፍትዌር በሚነበብ ቅርጽ፣ ከክፍለ ጊዜው በፊት ያደርሳል። ሰሌዳ ላይ የጻፈውንና በስላይድ ያሳየውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሥዕልና ግራፍን በቃል ይገልጻል፤ ሲናገር ፊቱን ወደ ተማሪዎቹ ያደርጋል። በተቋሙ የተፈቀደን የፈተና ጊዜ ጭማሪ ወይም አማራጭ የምዘና መንገድ «ለሌሎቹ ፍትሐዊ አይሆንም» ብሎ የሚከለክል አባል ቢኖር ማኅበሩ ከጎኑ አይቆምም።

2. እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የበጀት መደብ፣ ቋሚ ሠራተኞችና የተሟላ መሣሪያ ያለው የአካቶ ድጋፍ ማዕከል ያቋቁም፤ በስም ብቻ ያለውም በሥራ ይታይ። የጽሑፍ ቅርጽ ቅየራ፣ የብሬል ኅትመትና የአጋዥ መሣሪያ ውሰት የማዕከሉ ሥራ ይሁን። ተማሪው በምዝገባ ወቅት አንድ ጊዜ ፍላጎቱን ካስመዘገበ፣ በየሴሚስተሩ በየመምህሩ ቢሮ እየዞረ ጉዳቱን እንዲያስረዳ አይገደድ። መረጃውም በምሥጢር ይጠበቅ፤ መምህሩ ሊያውቅ የሚገባው መደረግ ያለበትን ማመቻቸት ነው፣ የሕክምና ታሪኩን አይደለም።

3. የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚና የፈተና አንባቢ በመዋቅር የታወቀ የሥራ መደብ፣ ደረጃና ደመወዝ ይኑራቸው። አንባቢ ከተፈታኙ የትምህርት መስክ ወይም ከተቀራራቢ መስክ ይመደብ፤ ቀድሞም ገለጻ ይሰጠው። ይህ ባልተሟላበት የተሰጠ ፈተና እንደገና እንዲሰጥ መምህሩ የመጠየቅ መብቱ በሴኔት ሕግ ይረጋገጥ።

4. የቆዩ የማስተማሪያ ጽሑፎችን ወደ ተደራሽ ቅርጽ መለወጥ ሥራ ነው። ለዚህ የተመደበ መምህር ሰዓቱ በመደበኛ የሥራ ጫናው ውስጥ ይታሰብለት።

5. ተቋሙ ከላይ በተራ ቁጥር 2 እና 3 የተገለጹትን እስኪያሟላ ድረስ የአካታችነት መስፈርት በመምህሩ የአፈጻጸም ውጤት ላይ ነጥብ አይያዝበት። ከተሟላ በኋላ ግን እንመዘን፤ አንሸሽም።

6. የመውጫ ፈተናው ሥርዓት፣ እንዲሁም ሚኒስቴሩም ሆነ ተቋማት የሚገዟቸው ወይም የሚያስገነቧቸው የበይነ መረብ መማሪያ ሥርዓቶች ከስክሪን ሪደር ጋር ተስማምተው መሥራታቸው ሥራ ላይ ከመዋላቸው በፊት ይረጋገጥ። ማረጋገጫው ከአቅራቢው ድርጅት የሚመጣ ወረቀት ብቻ እንዳይሆን እንጠይቃለን። ዓይነ ስውራን ተማሪዎችና መምህራን ተቀምጠው ይሞክሩት፤ ያላለፈ ሥርዓት ርክክብ አይፈጸምበት።

7. ለዓይነ ስውራንና ማንበብ ለተሳናቸው ሰዎች የታተሙ ሥራዎችን በተደራሽ ቅርጽ ማዘጋጀትን የሚፈቅደውን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመውን የማራካሽ ስምምነት ኢትዮጵያ ተቀላቅላለች። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በቅጂ መብት ስጋት መጻሕፍትን በተደራሽ ቅርጽ ከማዘጋጀት እንዳይቆጠቡ የአፈጻጸም መመሪያ ይውጣ።

8. ለማመቻቸት ሲባል የመምህሩ ገለጻ በድምፅ ወይም በምስል እንዲቀረጽ እንፈቅዳለን። ቅጂው ከተማሪው ጥናት ውጭ ለክትትል፣ ለአፈጻጸም ምዘና ወይም ያለ መምህሩ ፈቃድ ለሌላ ክፍል ማስተማሪያ እንዳይውል ተቋማት በጽሑፍ ያረጋግጡ። በዚህ ነጥብ ላይ ድርድር የለንም።

9. አካል ጉዳተኛ የሆኑ አባሎቻችንም አሉን። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲፈጥርና ረዳት እንዲመድብ ያዛል። ዓይነ ስውር መምህር የተማሪዎቹን ወረቀት የሚያነብለትን ሰው ከደመወዙ እየከፈለ የሚያሠራበት ሁኔታ ይቁም።

10. ለመምህራን በሚሰጠው የኤችዲፒ (የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም) ሥልጠና ውስጥ ተደራሽ ሰነድ ማዘጋጀትና አጋዥ ሶፍትዌር መጠቀም በተግባር የሚሰጥ ክፍል ይሁን። አሠልጣኞቹም መሣሪያዎቹን በየዕለቱ የሚጠቀሙ ሰዎች ይሁኑ።

የትምህርት ሚኒስቴርና የዩኒቨርሲቲ ቦርዶች ለእነዚህ አቋሞች በጽሑፍ ምላሽ እንዲሰጡን እንጠይቃለን። አንድ ቀን ተሰብስበን ፎቶ ተነስተን የምንለያይበትን ዐውደ ጥናት ምላሽ አድርገን አንቆጥረውም። ምላሽ ቢዘገይ በተራ ቁጥር 1 የገባነውን ግዴታ አናጥፍም፤ ተማሪዎቻችን የቅራኔው ወገን አይደሉም። በተራ ቁጥር 5 የተጠቀሰው መስፈርት ነጥብ የተያዘበትን የአፈጻጸም ውጤት ግን አባሎቻችን በፊርማቸው አያጸድቁም።

አባላት በየትምህርት ክፍላቸው ያሉ የቆዩ ሃንድአውቶችን ዝርዝር አዘጋጅተው፣ የትኛው በስክሪን ሪደር እንደሚነበብና የትኛው እንደማይነበብ ለይተው ለየቅርንጫፉ ጽሕፈት ቤት እንዲልኩ እናሳስባለን። የዚህ መግለጫ ግልባጭ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለዩኒቨርሲቲ ቦርዶችና ፕሬዚዳንቶች፣ ለአካል ጉዳተኞች ማኅበራት እንዲሁም ለተማሪዎች ኅብረቶች እንዲደርስ፣ በዩኒኮድ ጽሑፍ፣ በብሬልና በምልክት ቋንቋ ቪዲዮም እንዲዘጋጅ ጉባኤው ወስኗል።